ድምፃችንን ለደላላ አንስጥ



ምርጫ በተቃረበ ቁጥር ወደ ሰፈራችን የሚመጣ እንግዳ አይጠፋም። ሽማግሌዎችን ሰብስቦ ይጋብዛል፤ ለአንዱ ሥራ፣ ለሌላው ቤት ተስፋ ይሰጣል። ከዚያ ወደ እጩው ሄዶ «የኢትዮጵያውያኑ ድምፅ በእጄ ነው» ይላል። በዕብራይስጥ «ቃብላን ቆሎት» የሚባለው ይህ ሰው በእኛ ቋንቋ የድምፅ ደላላ ነው። በምርጫው ማግስት ስልክ አያነሳም።

ለማኅበራዊ ሥራችን ቤት ለቤት ስንዞር ሁለት ዓይነት መልስ እንሰማለን። ወጣቶቹ «ማንም ቢመረጥ ለእኛ ምንም አይለወጥም» ብለው ቤታቸው ይቀመጣሉ። አረጋውያኑ «ማዕዱን ቀምሰን፣ ቃል ሰጥተን እንዴት እንከዳለን?» ይላሉ። ሁለቱም የሚጠቅሙት ደላላውን ነው። መራጩ ባነሰ መጠን እርሱ የሰበሰባቸው ጥቂት ድምፆች ክብደታቸው ይጨምራልና።

ይህ የእኛ ችግር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 ኩባንያዎች በራሳቸው ለሚያካሂዱት የምርጫ ቅስቀሳ ያለ ገደብ ገንዘብ እንዲያወጡ ፈቀደ። በ2014 የምክር ቤት ምርጫ ደግሞ ድምፅ የሰጠው መምረጥ ከሚችለው ሕዝብ 36 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበር። የእስራኤል ሕግ ጠበቅ ያለ ነው። ኩባንያ ለፓርቲ መለገስ አይችልም፤ ድምፅ መግዛትም መሸጥም እስከ 5 ዓመት እስራት ያስቀጣል። ሕግ ግን በየሳሎኑ ገብቶ አይቆጣጠርም።

ከተማችን ሮሽ ሃዓይንም ነገሩን ከጥንት ታውቀዋለች። በ1949 እና በ1950 ከየመን የመጡት አይሁድ እዚህ በድንኳን ሰፍረው ነበር። በእነዚያ ዓመታት በየአገሩ የአዲስ ገቢዎች ሰፈር ሥራም ሆነ ቤት ብዙ ጊዜ የሚገኘው በፓርቲ ሰው በኩል ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን ከልጆቻቸው መካከል የከተማዋ ከንቲባ ወጣ። ከእኛም በ1996 አዲሱ መሳላ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የክነሴት አባል ሆነዋል። በር ተዘግቷል ማለት አንችልም።

ነቀፋው እኛን የተማርነውንም ይመለከታል። የሕክምናና የቤት ኪራይ ፎርም እንሞላለን፤ ምርጫ እንዴት እንደሚካሄድ ግን ሳናስረዳ እናልፋለን። ዛሬ እንናገር። በከተማ ምርጫ 17 ዓመት የሞላው ወጣትም፣ ዜግነት ገና ያላገኘ ቋሚ ነዋሪም ድምፅ ይሰጣል። ልጆች፣ በወረቀቶቹ ላይ የሚታተሙትን የፓርቲ ፊደላት ለአያቶቻችሁ ቀድማችሁ አሳዩአቸው፤ ምርጫውን ግን ለእነርሱ ተዉላቸው።

አባቶቻችንና እናቶቻችን ሆይ፣ ኦሪት ዳኛ ጉቦ እንዳይቀበል ታዛለች። በምርጫ ቀን ዳኛዎቹ እናንተ ናችሁ። በጉቦ የተገኘ ቃል አያስርም። ከመጋረጃው ጀርባ ወረቀቱን ፖስታ ውስጥ ስትከቱ የጋበዛችሁ ሰው አያያችሁም።