በቴሌቪዥን ድራማ ስለሚታይ አካሉ የተጐዳ ሰው

አካሉ የተጐዳ ሰው በድራማ በታየ ጊዜ የተመልካች ልብ ወደ ሁለት ነገር ይቸኵላል፤ ወይ ሊያዝንለት ይወዳል፤ ወይም እንደ መፃጉዕ አልጋውን ተሸክሞ ሲሄድ ሊያየው ይጠብቃል። የአሜሪካ ቴሌቪዥን ይህን ምኞት ጠንቅቆ ያውቀዋልና ብዙ ዘመን ሲታዘዝለት ኖሯል።

በፈረንጆች አቈጣጠር ከ1967 እስከ 1975 ዓመተ ምሕረት የታየው «አይረንሳይድ» በጥይት ተመትቶ ሽባ የሆነ የሳን ፍራንሲስኮ ፖሊስ ሹም በባለ መንኰራኵር ወንበር ተቀምጦ ወንጀል ሲመረምር ያሳይ ነበረ። ሰውዬው በእግሩ ባይሆን በአእምሮው የሚፈለግ ሆኖ መታየቱ በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም። ከ2009 ዓመተ ምሕረት ጀምሮ የታየው «ግሊ» ግን፣ አርባ ዓመት ቈይቶ መጥቶ ሳለ፣ ከዚህ ወደ ኋላ ተመለሰ። አርቲ የተባለው በወንበር የሚሄድ ተማሪ በ2010 በታየ አንድ ክፍል በሕልሙ ተነሥቶ በገበያ አዳራሽ መካከል ይጨፍራል፤ በዚያው ዓመት በገና በዓል ደግሞ በመሣሪያ ተደግፎ ጥቂት እርምጃ ይራመዳል። አርቲን ሆኖ የሠራው ኬቪን ማክሄል እግሩ ደኅና የሆነ ዘፋኝ ነው። ሕልሙ ሲያልቅ ልጁ ወደ ወንበሩ መመለሱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ተመልካች ወደ ቤቱ ይዞት የሚሄደው ጭፈራውን ነው። ደስታ በእግር ለሚቆም ብቻ የተሰጠች ትመስላለች።

ከ2008 እስከ 2013 ዓመተ ምሕረት በ62 ክፍል የታየው የቪንስ ጊሊጋን «ብሬኪንግ ባድ» በዚህ ነገር ከብዙዎቹ ይሻላል፤ ነውር የለበትም ማለት ግን አይደለም። ዋልተር ዋይት የተባለ የኬሚስትሪ መምህር ካንሰር እንደ ያዘው ባወቀ ጊዜ ለቤተ ሰቡ ገንዘብ ላስቀምጥ ብሎ አደንዛዥ ዕፅ ማብሰል ይጀምራል። በአባቱ ስም የሚጠራው ልጁ ሴሬብራል ፓልሲ ስላለበት በምርኵዝ ይሄዳል፤ አንደበቱም ይከብደዋል። ልጁን ሆኖ የሠራው አር ጄ ሚት ያው ሕመም ያለበት ሰው ነው። ሕመሙ ከልጁ ሕመም የቀለለ ስለ ሆነ ምርኵዝ መያዝንና ንግግሩን ማዘግየትን ለዚህ ሥራ ሲል ተማረ። እንግዲያስ እርሱም አስመሳይ ነው የሚል ቢኖር ያስመሰለው የሚያውቀውን ነገር መሆኑን ያስተውል።

በመጀመሪያው ክፍል ልጁ በልብስ መደብር ሱሪ ሲለካ ጐልማሶች ይዘብቱበታል፤ አባትዮውም ተቈጥቶ አንዱን ይረግጠዋል። ይህ ትዕይንት ብዙ ተመስግኗል፤ ምስጋናው ግን ይበዛበታል። በዚያ ሰዓት ካሜራው የሚመለከተው የአባቱን ቍጣ ነው እንጂ ልጁ ስድቡንም ጥቃቱንም እንዴት እንደ ተቀበለ አይጠይቅም። ከዚህ ይልቅ መኪና መንዳት ሲማር የታየው ታናሽ ትዕይንት ይበልጣል፤ ልጁ ለእግሩ እንደሚመቸው ፔዳሉን በሁለት እግር ይረግጣል፤ አባቱ ደግሞ እንደ ሌላው ሰው በአንድ እግር ካልሆነ ብሎ ይከራከረዋል።

በሁለተኛው ዓመት ልጁ ለአባቱ ሕክምና በኢንተርኔት ምጽዋት ይለምናል፤ ጋዜጠኞች ይመጣሉ፤ ልጁም አባቱን ጀግናዬ እያለ ያመሰግናል። በምጽዋት ስም የሚገባው ብዙ ገንዘብ ግን አባትዮው በዕፅ ያገኘው፣ በጠበቃው ዘዴ የሚታጠብ ገንዘብ ነው። የተመልካች ርኅራኄ ራሱ የወንጀል መሸፈኛ ሲሆን በዚህ ታየ፤ እንዲህ ያለውን ነገር ደፍሮ የጻፈ ድራማ ጥቂት ነው።

በዚያው ድራማ ሄክተር ሳላማንካ የተባለ ሽማግሌ አለ፤ በደዌ ተመትቶ ቃል የማይወጣው፣ ከወንበሩ ላይ በታሰረች ደወል ብቻ የሚናገር ክፉ ሰው ነው። ክፉ ልብ ያለውን ሰው ጐባጣ ወይም አንካሳ አድርጎ ማሳየት ከሼክስፒር ሪቻርድ ሦስተኛ ጀምሮ የታወቀ የቲያትር ልማድ ስለ ሆነ በዚህ ላይ ወቀሳ ቢነሣ አይገርምም። ነገር ግን በ2011 በታየ ክፍል ሄክተር ከመታመሙ በፊት በሁለት እግሩ ቆሞ ያልታጠቀ ሰው ሲገድል ይታያል፤ ክፋቱ ከወንበሩ እንዳልመጣ ድራማው ራሱ መሰከረ። ማርክ ማርጎሊስ በዓይኑና በፊቱ ብቻ የሠራው ሥራ በ2012 ለኤሚ ሽልማት አሳጭቶታል።

ልጁ ግን ብዙ ዘመን በቍርስ ገበታ ላይ ተረስቶ ይኖራል፤ ተመልካቾችም በዚህ ይቀልዱ ነበረ። የአባቱን ሥራ የሚያውቀው በመስከረም 2013 ነው። በዚያ ቀን እናትና አባቱ በቢላ ሲታገሉ በመካከላቸው ይገባል፤ እናቱን በሰውነቱ ይከልላል፤ ስልክም አንሥቶ አባቱን ለፖሊስ ይከስሳል። በቤቱ ካሉት ሁሉ ፍርድ የሰጠ እርሱ ነው፤ የሰጠውም አካሉ ሳይድን፣ ማንም ሳያዝንለት ነው። በሚቀጥለው ክፍል አባቱ ከተሸሸገበት በስልክ ገንዘብ ልላክ ቢለው ጮኾ ይከለክለዋል። ከዚህም በኋላ ደራሲዎቹ ቃል አልሰጡትም፤ በመጨረሻው ክፍል ከትምህርት ቤት ወደ ቤቱ ሲገባ አባቱ ከሩቅ ተሸሽጎ ያየዋል፤ ልጁ መታየቱን እንኳ አያውቅም።