በዕውቀቱ ሥዩም፦ በብዕርም በመድረክም
በዕውቀቱ ሥዩም በልብ ወለድም በመድረክም የሚታወቅ ደራሲ ነው። የተወለደው በምዕራብ ጎጃም፣ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ማንኩሳ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ልቡና ካጠና በኋላ «ኗሪ አልባ ጎጆዎች» በተሰኘ የግጥም መድበል አንባቢ ፊት ቀረበ፤ «እንቅልፍና ዕድሜ» እና «መውጣትና መግባት» የተባሉት ልብ ወለዶች ተከተሉ።

አጫጭር ወጎቹን በድምፅ ቀርጾ በሲዲ አውጥቷል፤ ግጥሞቹንና ቀልዶቹንም ራሱ መድረክ ላይ ቆሞ ያቀርባል። ትልቁ ችሎታው የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ሳቁን የሚቀሰቅሰው በጩኸት ሳይሆን በቃላት አሰካክ ነው፤ ዐረፍተ ነገሩን አለሳልሶ ይጀምርና ያልተጠበቀውን ሐሳብ መጨረሻው ላይ ያኖረዋል። አድማጩ ስቆ ሳያበቃ ስለ ራሱ ኑሮ ማሰብ ይጀምራል። ይህ አቀራረብ ለጎጃም እንግዳ አይደለም፤ ዋሸራንና ጎንጅን የመሳሰሉ የቅኔ ጉባኤ ቤቶችን ባፈራው አገር ቅኔ የሚዘረፈው ጉባኤ ፊት፣ በድምፅ ነው፤ ሰሙን የሰማም ወርቁን ይፈልጋል። በዕውቀቱ የዚህን ልማድ መንፈስ በዛሬው አማርኛ ለከተማ አዳራሽ ማብቃቱ ሊመሰገንበት ይገባል።

በ2008 እ.ኤ.አ. የምርጥ ወጣት ደራሲ ሽልማት አግኝቷል። በ2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ የለንደን ኦሊምፒክን ምክንያት በማድረግ በተዘጋጀው ዓለም አቀፍ የግጥም ፌስቲቫል ኢትዮጵያን ወክሏል፤ በዚያው ዓመት ገጣሚው ክሪስ ቤኬት በትርጉሙ የተሳተፈበት የግጥሞቹ የእንግሊዝኛ ትርጉም እንግሊዝ ውስጥ ታተመ። ከዚያ በኋላ የወጣው «ከአሜን ባሻገር» የጉዞና የታሪክ ወጎችን ይዟል።