«ፋቡላ»ን በአሻንጉሊት

በአማርኛ የመጀመሪያው የቴአትር ድርሰት የሰዎች ሳይሆን የአውሬዎች ጨዋታ መሆኑን ሁላችንም ከትምህርት ቤት ጀምሮ ሰምተናል። ይኸውም በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1910ዎቹ ዓ.ም. ለመድረክ ያበቁት «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ነው። ደራሲው በሩሲያ ተምረው፥ የአውሮፓን ቴአትር በዓይናቸው አይተው የተመለሱ ሰው ነበሩ። ከፈረንሳዊው ባለቅኔ ከላ ፎንቴን ተረቶች ቀድተው፥ በጊዜው በመንግሥት ሥራ ላይ ይታይ የነበረውን ብልሹነት በአውሬ አፍ ነቀፉበት። ጨዋታው በአዲስ አበባ በቴራስ ሆቴል በመኳንንቱ ፊት ታየ፤ መኳንንቱም ምሥጢሩ ገባቸው። ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ እንዳይታይ አዘዙ፥ መጽሐፉም ተሰበሰበ።

ስለዚህ ድርሰት የሚነገረው ሁሉ ብዙውን ጊዜ በእገዳው ያበቃል። እኛ ግን ከዚያ አልፈን አንድ ነገር ለመጠየቅ እንወዳለን፦ አውሬው ደራሲውን ለምን አልሸፈነውም?

በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ በቦረና ደጋ ያደገ ሰው መልሱ አያስቸግረውም። በእኛ አገር ጭላዳ ዝንጀሮ ከተረት አስቀድሞ በገብስ ማሳ ላይ የሚታወቅ እንስሳ ነው፤ የጅብም ድምፅ ማታ ከቤት ውስጥ ይሰማል። አያ ጅቦና እመት ጦጢት ልጅ ማስተኛ ብቻ አይደሉም። ሽማግሌዎች ለእርቅ ሲቀመጡ፥ ወይም ሁለት ሰዎች በድንበር ሲካሰሱ፥ ተረት ይመጣል። ከታች የቆመችውን አህያ «ውኃውን አደፈረሽብኝ» ያላትን ጅብ የማያውቅ የለም። «አያ ጅቦ፥ ሳታመካኝ ብላኝ» የሚለው ቃል በሸንጎ ላይ ሲወድቅ ሰው ሁሉ የሚያየው ጅቡን ሳይሆን በፊቱ የተቀመጠውን ባለጉዳይ ነው። (ላ ፎንቴንም ይህንኑ ነገር በተኵላና በበግ ግልገል ተርኮታል።) እንግዲህ ተረት በእኛ ዘንድ መሸፈኛ ሆኖ አያውቅም፤ መጠቆሚያ ነው። የቴራስ ሆቴል ተመልካች ይህን ጥበብ ከልጅነቱ ያውቅ ስለ ነበር፥ የአውሬውን ለምድ ገልጦ ራሱን ለማግኘት ጊዜ አልፈጀበትም።

ከዚያ ወዲህ የሆነው ነገር ያሳዝነናል። አውሬው ከአዋቂዎች መድረክ ወርዶ ለልጆች ተሰጠ። አባባ ተስፋዬ ሳህሉ የመድረክ ተዋናይ ነበሩ፤ ሕዝቡ የሚያስታውሳቸው ግን ከ40 ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ለልጆች ባወሩት ተረት ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የመጣችው «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ም የእጅ አሻንጉሊት ቀጭኔ ናት፤ ልጆችን እጅ መታጠብንና ፊደልን ታስተምራለች። ሥራዋን በሚገባ ትሠራለችና ነቀፌታ የለንም። ነቀፌታችን አሻንጉሊት ማለት ለአዋቂ የማይገባ ነገር ነው ብለው በሚያስቡት ላይ ነው።

ይህ አሳብ ስሕተት መሆኑን ለማየት ራቅ ብለን ወደ ኒውዮርክ እንሂድ። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2003 «አቬኑ ኪው» የሚባል የአሻንጉሊት ሙዚቃዊ ኮሜዲያ፥ በ1927 በተከፈተው በጎልደን ቴአትር ቤት መታየት ጀመረ፤ በማግሥቱም ዓመት ቶኒ የተባለውን ሽልማት በምርጥ ሙዚቃዊ ድርሰትነት አሸነፈ። ዋናው ገጸ ባሕርይ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሥራ ያጣ፥ የሕይወቱም ዓላማ የጠፋበት ወጣት ነው። ይህን መጽሔት የሚያነብ ተማሪ ምን ያህል ቅርቡ እንደ ሆነ ይፈርዳል! እኛ ጽሑፉን አንብበን ዜማውን ሰምተናል፤ ከንግግሩ መካከል በአባት ፊት የማይነገር ነውር አለ፥ ያለ እርሱም ድርሰቱ ይቆም ነበር ብለን እናምናለን። የገረመን ግን አሠራሩ ነው። አሻንጉሊቱን የያዘው ተዋናይ አይደበቅም። ግራጫ ልብስ ለብሶ በመድረክ ላይ በግልጽ ቆሞ፥ አፉን እየከፈተ ይዘፍናል። ተመልካቹ ሰውዬውንና አሻንጉሊቱን በአንድ ጊዜ ያያል።

ይህን ነገር በትንሹ ለመፈተን ፈለግን። ባለፈው የዕረፍት ጊዜ በመካነ ሰላም በአንድ ዘመዳችን ቤት፥ ከአሮጌ ካልሲ ጅብና አህያ ሠርተን የውኃውን ተረት ከቡና በኋላ አሳየን። ልጆቹ ወዲያው ወደ ፊት ተጠጉ፤ አዋቂዎቹ «የልጅ ነገር ነው» ብለው ወሬያቸውን ቀጠሉ። ጅቡ ሰበብ መደርደር ሲጀምር ግን ወሬው ቆመ። ያስተዋልነው ይህን ነው፦ ጅቡ ሲናገር ሰዎቹ ካልሲውን ያያሉ፥ ሲስቁ ግን የያዘውን ልጅ ፊት ያያሉ። አንድ ሽማግሌ «ልጆቼ፥ ይህ ጅብ የማን ነው?» ብለው ጠየቁ። «የእኛ ነው፥ አባባ» አልናቸው። «እንዲያ ከሆነ ይናገር» አሉ።

በእኛ አስተያየት የ«ፋቡላ» ችግር እዚህ ላይ ነው። አውሬው ባለቤት የሌለው መሰለ፤ ባለቤት የሌለው ነቀፌታ ደግሞ እንደ ሐሜት ይቈጠራል። ስለዚህ ይህ ድርሰት በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበር ባቆመው መድረክ ላይ፥ ለአዋቂዎች፥ በአሻንጉሊት፥ ያዡም በግልጽ እየታየ ቢሠራ እንወዳለን። ዜማው ከውጭ መምጣት የለበትም። አምባሰልና ባቲ ስማቸውን ያገኙት ከእኛው ወሎ ነው፤ ጅቡ ሊበላት ስላላት አህያ በትዝታ ቅኝት ሲያለቅስ፥ አዝማሪውም ማሲንቆውን ይዞ ከጎኑ ቁጭ ብሎ ሲመልስለት ማን ሳይስቅ ይቀራል? አዝማሪ ፊቱን ሳይሸፍን ጌታን ሲወርፍ የኖረ ሰው ነውና፥ ለአሻንጉሊት ያዡ ከኒውዮርክ ይልቅ እርሱ መምህር ይሆነዋል።

የሚቃወሙን እንዳሉ እናውቃለን። ፊቱ የታየ ሰው በቀላሉ ይያዛል ይላሉ፤ እውነት ነው። ነገር ግን በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት በአውሬ ተሸፍነውም ድርሰታቸው አልተረፈም። በጎ ነገር ቢኖር፥ ፊቱን ያሳየ ተዋናይ የሚናገረውን መዝኖ ይናገራል፤ ቀልዱም ከስድብ ይርቃል።

በእኛ ሙከራ ላይ ሌላም ጉድለት ተገኝቷል። ጨዋታው ሲያልቅ እኒያው ሽማግሌ አህያዪቱን ከእጃችን ተቀብለው ካልሲውን በእጃቸው አጠለቁና «እርሷስ ከተበላች በኋላ ምን አለች?» ብለው ጠየቁን። ለዚያ የሚሆን ቃል አላዘጋጀንም ነበር። ለሚመጣው ዕረፍት እየጻፍነው ነው።