ብቸኝነት በሰዓት ይቆጠራል እንዴ?

እስቲ ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ከፔዳ ግቢ፣ ሁለት ተማሪዎችን በሐሳባችሁ ያዙ። ቅዳሜ ከክፍል ጓደኞቻቸው ጋር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ጢስ ዓባይ ሄዱ። የፖርቹጋሎች የሚባለውን ድልድይ አብረው ተሻገሩ፣ ፏፏቴው ፊት ቆመው ፎቶ ተነሡ፣ ማታ ተመለሱ። አንደኛዋ መንገዱን ሁሉ ስትስቅ ዋለች። ሁለተኛዋ ግን እዚያው ሰው መሀል ሆና «እዚህ ማንም አያውቀኝም» እያለች ነበር። በማግስቱ መጠይቅ ቢሰጣቸው ሁለቱም አንድ መልስ ይሞላሉ፦ «ሽርሽር፣ ከጓደኞች ጋር፣ 6 ሰዓት»።

የተማሪዎችን ትርፍ ጊዜና ብቸኝነት በሚያያይዙ ጥናቶች ላይ ያለኝ ቅሬታ እዚህ ላይ ይጀምራል። ሰዓት መቁጠር ቀላል ነው። ብቸኝነት ግን ስሜት ነው።

ብቸኝነትን ለመለካት በሰፊው የሚሠራበት መጠይቅ እ.ኤ.አ. በ1978 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ሎስ አንጀለስ የተዘጋጀው ነው። 20 ዐረፍተ ነገሮች አሉት። በአብዛኛው የሚጠይቀው ከስንት ሰው ጋር እንደምትውሉ ሳይሆን የሚረዳችሁ ሰው ያለ መስሎ ይሰማችሁ እንደሆነ ነው። በአማርኛ ግን «ብቸኛ» የምንለው ሰው የሌለውንም፣ ሰው መሀል ሆኖ ሆድ የሚብሰውንም ነው። መጠይቁ ሲተረጎም ጥንቃቄ ከጎደለ፣ ጣና ዳር ለብቻው ቁጭ ብሎ በደስታ የሚያነብ ተማሪም «ብቸኛ» ተብሎ ይመዘገባል።

ሁለተኛው ቅሬታዬ የቱ ቀደመ የሚለው ነው። «ስልክ ላይ የሚያመሹ ተማሪዎች ይበልጥ ብቸኞች ናቸው» ይባላል እንበል። ስልኩ ነው ብቸኛ ያደረጋቸው ወይስ ብቸኝነቱ ነው ስልክ ያስያዛቸው? አንዴ ብቻ የተሞላ መጠይቅ ይህን አይመልስም። ተማሪዎቹን ፍሬሽ ከሆኑበት ቀን ጀምሮ ደጋግሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ደግሞም እኛ አገር ተማሪ በምደባ ከቤቱ ሩቅ ይላካል። ለእሱ ስልክ ማለት የእናቱ ድምፅ ሊሆን ይችላል። «ስልክ ቀንስ» የሚለው ምክር ያቺኑ ድምፅ ቢቀንስበትስ?

ሦስተኛ፣ ትርፍ ጊዜ ሁልጊዜ ምርጫ አይደለም። በ2015 ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆየ፤ በባሕር ዳርም ሰዓት እላፊ ታወጀ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ዶርም የሚያመሽ ተማሪ «ጊዜውን አልተጠቀመበትም» ይባላል?

ታዲያ ትርፍ ጊዜ ዋጋ የለውም ማለቴ ነው? አይደለም። አሜሪካዊው ተመራማሪ ጄፍሪ ሆል እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጥናት፣ ትውውቅ ወደ ቀላል ጓደኝነት ለመድረስ 50 ሰዓት ገደማ፣ የልብ ጓደኛ ለመሆን ደግሞ ከ200 ሰዓት በላይ አብሮ ማሳለፍ እንደሚጠይቅ ገምቷል። ክፍል ወይም ሥራ ላይ አብሮ መዋል ብዙም አያቀራርብም፤ የሚያቀራርበው አብሮ መጫወት፣ መቀለድ፣ የልብን ማውራት ነው። ቁጥሩ የአሜሪካውያን ነውና አንድ ዶርም ተጨናንቀው ለሚያድሩ ተማሪዎቻችን እንዳለ አይወሰድም። የሚያሳየው ነገር ግን ይጠቅመናል፦ ከሰዓቱ ብዛት ጋር ሰዓቱ በምን እንዳለፈም መታየት አለበት።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ጥናት ስታነቡ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የተለካው ስሜት ነው ወይስ ሰዓት? የቱ ቀደመ? ተማሪው ምርጫ ነበረው?

ሁለተኛዋን ተማሪ መጠይቁ አላያትም። አብረዋት የሄዱት ግን ሊያዩዋት ይችሉ ነበር። ጢስ ዓባይ የምትሄዱ ከሆነ፣ ስትመለሱ አውቶቡሱ ላይ አጠገቧ ተቀመጡ።