ከካንሰር ላገገሙ የሚሰጠው ምክርና የላስታ ገበታ

የአሜሪካ የካንሰር ማኅበር ከካንሰር ላገገሙ ሰዎች ያዘጋጀውን የአመጋገብና የሰውነት እንቅስቃሴ መመሪያ በ2022 እ.ኤ.አ. አሻሽሎ አሳትሟል። መመሪያው በሽታው እንደ ታወቀ የታካሚው አመጋገብ እንዲመረመር፣ ጡንቻው እንዲጠበቅ፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት እንዲወገድና እንቅስቃሴ እንዲዘወተር ይመክራል። ማስረጃውም እየጠነከረ ሄዷል። በ2025 እ.ኤ.አ. ውጤቱ በታተመና 889 የደንዳኔ ካንሰር ታካሚዎችን በያዘ ጥናት፣ ከኬሞቴራፒ በኋላ ለሦስት ዓመት በባለሙያ እየተመሩ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ከተመደቡት ውስጥ በስምንተኛው ዓመት በሕይወት የተገኙት 90 ከመቶ ያህል ሲሆኑ፣ የትምህርት ጽሑፍ ብቻ በተሰጣቸው ዘንድ ግን 83 ከመቶ ያህል ነበሩ።

ጉድለቱ የሚጀምረው የመመሪያው መነሻ የሆነው ምርመራ ተትቶ መጨረሻው ብቻ ለታካሚው ሲነገር ነው። በላስታ ተራሮች ለምትኖርና የጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ለተደረገላት አርሶ አደር «በእግርሽ ሂጂ፤ ሥጋ ቀንሺ» ማለት ምን ይፈይዳል? ሥጋ የምታየው በዓውደ ዓመት ነው፤ ከላሊበላ የቅዳሜ ገበያ ደርሶ መልሱም የሳምንቱን እንቅስቃሴ በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። ሊጠየቅ የሚገባው ክብደቷ መቀነሱና በጀሪካን ውኃ ስትሸከም ክንዷ ማበጡ ነው። «በዚያ እጅሽ ምንም እንዳታነሺ» የሚለው የተለመደ ትእዛዝም ቢሆን መመርመር አለበት። በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ ክንዳቸው ያበጠ 141 ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት፣ ቀስ በቀስ የሚጨምር ክብደት የማንሣት ልምምድ እብጠቱን እንዳላባባሰ አሳይቷል። እነዚያ ሴቶች ግን ክንድ የሚያጠብቅ እጅጌ ለብሰው በአሠልጣኝ ይመሩ ነበር፤ ሃያ ሊትር ጀሪካን ከዚህ ጋር አንድ አይደለም።

ምክሩ ጨርሶ የሚዘነጋው ጾምን ነው። የጾም ገበታ በራሱ ድኻ አይደለም፤ የባቄላ ሽሮ፣ ምስርና ተልባ ይገኙበታል። የከሳች ታካሚን የሚጎዳት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀመስ መዋሉና ለ55 ቀን ወተትና እንቁላል መቅረቱ ነው። በማኅፀን በር ካንሰር ምክንያት ጨረር የተሰጣት ደግሞ ተቅማጥ ካለባት፣ ጥራጥሬና ጥሬ አትክልት እንድታበዛ መምከር ሕመሟን ያብሳል። ሐኪሙ «ጾሙን ተዪ» ብሎ ቢያዝዝ ብዙዎች አይሰሙትም፤ የንስሐ አባቷ ግን ለሕመምተኛ ጾሙን ማቃለል ይችላሉ። ስለዚህ በፈቃዷ፣ ከሁዳዴ መግባት አስቀድሞ፣ የክብደቷን መዝገብ ይዞ እርሳቸውን ማነጋገር የሕክምናው አንድ ክፍል ሆኖ በካርዷ ላይ ሊጻፍ ይገባዋል።