ተዳፋቱ ሜዳና የተዘጋው በር

የዮቪልን ስም መጀመሪያ የሰማሁት ከኳስ አፍቃሪ ሳይሆን ከአንድ ቆዳ ነጋዴ ነው። በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ የምትገኝ፣ በቆዳ ጓንት ሥራ የታወቀች ትንሽ ከተማ ናት፤ የበጋችን ቆዳ እዚያ ድረስ ይሄዳል አለኝ። የከተማዋ ክለብ ዮቪል ታውን «ጓንት ሠሪዎቹ» እየተባለ እንደሚጠራ ያወቅሁት ኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ክለቡ የተጻፈ ነገር ሳገኝ አነባለሁ፤ ባነበብኩ ቁጥርም አንድ ቅሬታ ያድርብኛል።

በ1895 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የተመሠረተው ይህ ክለብ፣ ታሪኩ የሚተረከው ሁሌም በአንዲት ቅዳሜ ነው። ጃንዋሪ 29 ቀን 1949 ከሊግ ውጭ የነበረው ዮቪል፣ የአንደኛ ዲቪዚዮኑን ሰንደርላንድ በኤፍ ኤ ካፕ በጭማሪ ሰዓት 2 ለ 1 ረታ። ሰንደርላንድ በ1948 በ20,050 ፓውንድ የገዛው ሌን ሻክልተን ሳይቀር ተሰልፎ ነበር። የመጀመሪያውን ጎል ያገባው አሠልጣኝም ተጫዋችም የነበረው አሌክ ስቶክ፣ ማሸነፊያውን ያገባው ኤሪክ ብራያንት ናቸው።

ተራኪዎቹ ግን ከሁለቱ ይልቅ ለሜዳው ያደላሉ። የሂውሽ ሜዳ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ያዘቀዝቅ ነበርና! እስቲ እንጠይቅ፤ ሜዳው ያዘቀዘቀው ለአንዱ ቡድን ብቻ ነው? የለመደው ይጠቀማል፣ እውነት ነው፤ መልመድም ግን ሥራ ነው። ድሉን ለተዳፋት መስጠት የተጫዋቹን ላብ መንጠቅ ነው። በሚቀጥለው ዙር፣ ከ81 ሺህ በላይ ሕዝብ እያየ፣ በማንቸስተር ዩናይትድ 8 ለ 0 መሸነፉም በአንድ መስመር ይታለፋል።

ከሁሉ የከፋው ሌላው ዝምታ ነው። እስከ 1986 ድረስ ከሊግ ውጭ ያለ ክለብ ወደ ሊጉ የሚገባው በነጥብ ሳይሆን በአባል ክለቦች ድምፅ ነበር። ዮቪል ደጋግሞ አመለከተ፤ ደጋግሞ ተመለሰ። በዋንጫ ቀን «ጀግና!» የተባለው በምርጫ ቀን ደጅ ቀረ። የዳዊትና የጎልያድ ተረት በሩን ለዘጉት የተመቸ ነው፤ ዳዊት ግዙፉን ይጥልና ማታ ወደ በጎቹ ይመለሳል። ድምፁ ቀርቶ ሻምፒዮን በቀጥታ የሚያልፍበት ሥርዓት ከመጣ በኋላ ግን፣ በ2003 በነጥቡ ገባ፤ በ2013 ብሬንትፎርድን በዌምብሌይ 2 ለ 1 አሸንፎ እስከ ሁለተኛው እርከን ወጣ። በ2019 እንደገና ከሊጉ ወረደ። አቅም አልነበረውም የሚል ካለ መልሱ ይኸው!

እየተወደሱ ደጅ መቅረት ለእኛም እንግዳ አይደለም። የደጋ በጋችን ቆዳ ለጓንት ወደር የለውም ሲባል ኖሯል፤ ነገር ግን ለብዙ ዘመን የወጣው ጥሬውን ወይም በከፊል ለፍቶ ነው። የዮቪሉ ፒታርድስ በ2009 ኤጀርሳ ያለውን የኢትዮጵያ ቆዳ ፋብሪካ ገዛ፤ አዲስ አበባም ውስጥ ጓንት አሰፋ። በ1826 የተመሠረተው ፒታርድስ ግን በ2023 ከሰረ። በዚያው ዓመት ክለቡም ወደ ስድስተኛው እርከን ወረደ፤ በ2024 ወደ አምስተኛው ተመለሰ። ተዳፋቱን ሜዳ በ1990 ለቅቆት ነበር፤ ሱፐርማርኬት ተሠራበት።

የዮቪልን ታሪክ ዳግም የሚጽፍ ካለ ከዚያች ቅዳሜ ባይጀምር እመክራለሁ። ተመላሽ የሆኑትን ማመልከቻዎች ይቁጠር፤ «አይሆንም» ያሉትንም በስማቸው ይጥራ።