በዛብህን ማን ጠየቀው?

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሳስተምር ተማሪዎቼ የሚያዝኑት ለሰብለ ወንጌል ነበር። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ስለቱ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት በዚህ ልብ ወለድ፣ የበዛብህ ወላጆች ልጃቸው ከሞት ቢተርፍላቸው ለቤተ ክርስቲያን ሊሰጡት ይሳላሉ። ልጁን ማን ጠየቀው? ሃያስያኑ ጥፋቱን ሁሉ በባላባቱ ሥርዓት ላይ ይጭናሉ። ፊታውራሪ መሸሻ ባል ሲያማርጡ ልጃቸውን አላማከሩም፤ እውነት ነው። ስለቱን የተሳሉት ግን ፊታውራሪው አይደሉም፣ የሚሳሱለት እናትና አባቱ ናቸው። ከባላባት ጋር ይጣሏል፤ ከእናት ስለት ጋር በምን አቅም? ሁለቱ ልጆች በትንሹ መወሰንን ሳይለማመዱ አድገው፣ የመጀመሪያ ውሳኔያቸው የሞት ሽረት ሆነ።

ያ ድሮ ቀረ አትበሉኝ። እዚሁ ኮልፌ፣ አጣና ተራ አካባቢ፣ ስለቱ ስሙን ለውጦ «ዶክተር ነው የምትሆነው!» ተብሏል። ልጁ ተፈጥሮ ሳይንስ ይግባ ማኅበራዊ፣ የሚቆርጠው አባት ነው።

አንድ ጎረቤቴ ግን ለአሥር ዓመት ልጃቸው የደብተር መግዣውን ቆጥረው ይሰጡታል። ዘንድሮ ልጅየው መኪና የተሳለበትን ውዱን ደብተር መርጦ፣ ለእስክርቢቶ አጠረው። እናቱ «ጨምርለት እንጂ!» ብለው ተቆጡ። አባት እምቢ አሉ፤ ልጁም ሳምንቱን በውሰት እስክርቢቶ ጻፈ።